የአንባብያን ጥያቄዎች፦ አሮጌ የፖሊስ ሽጉጥና የሚቀሰቅሰው ትዝታ

ባለፈው እትም የአሜሪካ ፖሊሶችና ዘበኞች ይታጠቋቸው የነበሩትን አሮጌ ሪቮልቨሮች፣ በእኛ አነጋገር ስድስት ጎራሽ የምንላቸውን፣ ስለሚሰበስቡ ወገኖቻችን አጭር ጽሑፍ አውጥተን አንባብያን እንዲጽፉልን ጋብዘን ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ናቸው። አብዛኞቹም የሚጠይቁት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ ስለ አባት፣ ስለ አማት፣ ስለ ራስ የወጣትነት ዘመን። ለመልሱ እኔ የተመረጥሁት በዋሽንግተን ከተማ 11 ዓመት የሌሊት ዘበኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ስለታጠቅሁ፣ ከዚያም ወዲህ ጥቂቶቹን ስለ ሰበሰብሁ ነው። ቦታው ስለማይበቃ ስድስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም፤ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ1983 ነው። በአንድ የጥበቃ ድርጅት የታጠቀ ዘበኛ ሆኜ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ሽጉጦቹን በባለ ካዝና (ጥይቱ በእጀታው ውስጥ በሚገባ መያዣ የሚጎረስ) ሽጉጥ ሲለውጥ አሮጌዎቹን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ለሠራተኞች ስለ ሸጠ፣ ስታጠቃት የኖርኋትን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ገዛኋት። ስትከፈት በውስጥ በኩል ‹ሞድ 10-5› የሚል ይነበባል። የአፈሙዟ ጫፍ ቀለሙ ለቆ ነጥቷል፤ የእንጨት እጀታዋም በአንድ ወገን ተቦጫጭሯል። ልጄ ለ70ኛ ዓመቴ ስጦታ እንደ አዲስ አስቀልሞ እጀታዋን በጎማ ሊያስለውጥልኝ ይፈልጋል። ልፍቀድለት?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ ልጅዎን ስለ አሳቡ ያመስግኑት፤ ሽጉጧን ግን አያስነኩ።

የእርስዎ ሽጉጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ኩባንያ በ1899 «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» ብሎ ያወጣት፣ በ1957 ለሽጉጦቹ ሁሉ ቁጥር መስጠት ሲጀምር ደግሞ ሞዴል 10 የተባለችው ናት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው አኃዝ በየጊዜው የተደረገባትን የአሠራር ማሻሻያ ያመለክታል። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራች በገበያ ላይ ብርቅ አይደለችም፤ ከ1927 ጀምሮ የወጣው የሌላው ሽጉጥ ሠሪ የኮልት «ኦፊሻል ፖሊስ» ብቻ ነበር በአሜሪካ ፖሊስ ወገብ ላይ በእኩል የሚፎካከራት። ሁለቱንም የያዘ ሰው በጨለማ እንኳ ይለያቸዋል፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን መክፈቻ በአውራ ጣት ወደ ፊት ይገፋል፣ የኮልት ግን ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጥይቶቹ ማደሪያ የሆነው ሲሊንደርም የአንደኛው ወደ ግራ የሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል።

እንግዲህ ከስድስት ሚሊዮን መካከል የእርስዎን የእርስዎ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ልጅዎ ሊያስጠፋው ያሰበው ያ ምልክት ነው። የአፈሙዙ ጫፍና የሲሊንደሩ ጠርዝ የሚነጡት ሽጉጥ ከቆዳ ማህደሩ በወጣና በገባ ቁጥር እነዚህ ሁለት ቦታዎች ስለሚፈተጉ ነው። አንድ ቀን ወይም አንድ ወር አያነጣቸውም፤ 16 ዓመት ሙሉ ፈረቃ ሲጀመር ወጥታ ባዶነቷ ታይቶ፣ ጎርሳ ተመልሳ፣ ፈረቃ ሲያልቅ እንደገና ወጥታ ነው እንዲህ የሆነችው። የእጀታውን ጭረትም ቢሆን እርስዎ ከማንም የበለጠ ያውቁታል። በእኔይቱ እጀታ ላይ በቀኝ በኩል ሦስት ጎን ለጎን የሆኑ ጥልቅ ጭረቶች አሉ፤ የመኪና ማቆሚያውን የብረት በር ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻዬ እየገፋሁ ስዘጋ የማንጠልጠያው ብረት እንጨቱን እየጫረ ያወጣቸው ናቸው። ዛሬ ጣቴን ሳሳርፍባቸው የዚያ በር ቅዝቃዜ፣ የጋራዡ የነዳጅ ሽታ፣ ሌሊት ቡና በፔርሙስ ያመጣልኝ የነበረው የፅዳት ሠራተኛ ጓደኛዬ ድምፅ ይመጣብኛል። ያን ጓደኛዬን ከቀበርነው 20 ዓመት አልፏል፤ አብረን የተነሣነው ፎቶግራፍ የለንም።

ይህን የምናገረው ራሴ ስለ ተሳሳትሁ ጭምር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ የገዛሁትን ኮልት አሮጌ መስሎ ስለ ታየኝ አስፍቄ አስቀለምሁት። ሲመለስልኝ ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ሰውየው ያገለገለበት መሥሪያ ቤት በእጀታው የብረት ጀርባ ላይ ያስመታው ፊደል በመሞረዱ ሊነበብ እስከማይችል ድረስ ሳስቷል፣ ጠርዞቹ ሁሉ እንደ ተላሰ ከረሜላ ክብ ሆነዋል። ያን ጊዜ ሰውየው አርፎ ስለ ነበር ምን ተጽፎበት እንደ ነበር የምጠይቀው አላገኘሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚያስፈልጋት ጥቂት ነገር ነው። ባዶነቷን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ በለስላሳ ጨርቅና በቀላል የሽጉጥ ዘይት በስሱ ይወልውሏት። ውስጧን ለማጽዳት ሆፕስ ቁጥር 9 የተባለው የሽጉጥ ማጽጃ ፈሳሽ ይበቃል፤ ሽታውም ከ1903 ጀምሮ የአሜሪካ ፖሊስ ጣቢያዎች ሽታ ስለሆነ ብዙ ነገር ያስታውስዎታል። በብረት ሱፍና በአሸዋ ወረቀት አይንኳት። አንድ ነገር በተለይ አደራ፦ በቆዳ ማህደሯ ውስጥ አያኑሯት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከፋቂው ቤት ይዞት የመጣው ኬሚካልም ብረት ያዝጋል፤ አብረው የኖሩትን ሁለቱን እየለያዩ ማስቀመጥ ቢያሳዝንም፣ ማህደሩን ለብቻ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሽጉጧን በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ያድርጓት። ልጅዎ ደግሞ የግድ ስጦታ ልስጥ ካለ ያን ሣጥን ይግዛልዎ፤ ከዚያም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገብዎ ይቀመጥና እያንዳንዱ ጭረት ከየት እንደ መጣ ይጻፍ።

«አማቴ የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ነበሩ፤ በ1986 ተቀጥረው በ2006 ጡረታ ወጡ፣ አምና ዐረፉ። የማይዝግ ብረት ስድስት ጎራሻቸውን ለባለቤቴ አውርሰዋል። ባለቤቴ ሣጥኑን መክፈት አልሆነለትም፤ 19 ዓመት የሞላው ልጃችን ግን ስለ አያቱ ማወቅ ይፈልጋል። ጡረታ የወጣ አንድ ዘመዳችን ሲያያት መዶሻዋ (ጥይቱን የሚመታው የኋላ ብረት) በአውራ ጣት ተስቦ አይቆምም፣ ተበላሽታለች አለ። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችም አሉባት። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ እርሳቸው ያረፉት ኒው ዮርክ ነው። ምን እናድርግ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

ሽጉጧ አልተበላሸችም። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አዳዲስ ሪቮልቨሮች ምላጩ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ብቻ እንዲተኩሱ አዘዘ። በተለመደው ስድስት ጎራሽ መዶሻውን በአውራ ጣት ስቦ ማቆም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ምላጩ በጣም ቀላል ስለሚሆን በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ጣቱ ሳያስበው ሊያስተኩሰው ይችላል። መዶሻው እንዳይቆም ሲደረግ ግን እያንዳንዱ ተኩስ ረጅምና ከባድ ሳብ ይጠይቃል፤ ሳይታሰብ የሚተኮስ ጥይት ይቀንሳል። ስለዚህ ዘመድዎ እንደ ጉድለት የቆጠረው ነገር የአማትዎ ሽጉጥ የኒው ዮርክነት መታወቂያዋ ነው፤ አንድ ባለሙያ «ላስተካክልልሽ» ቢልዎ እሺ አይበሉት።

በዚያች ከተማ የፖሊስና የስድስት ጎራሽ ትስስር ረጅም ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ1895 እስከ 1897 የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነሮች ቦርድ ሰብሳቢ ሳለ፣ እያንዳንዱ ፖሊስ ያገኘውን ሽጉጥ መታጠቁን አስቀርቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኮልት እንዲሰጥና የተኩስ ትምህርት እንዲኖር አደረገ። በ1993 ባለ ካዝናው ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ ሲፈቀድ፣ በእጃቸው የለመደችውን ይዘው መቀጠል የፈለጉ ነባሮች እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሪቮልቨሮች ከሥራ የወጡት በነሐሴ 2018 ነው። አማትዎ እስከ 2006 ድረስ ባለ ስድስቷን ካልለወጡ፣ ምርጫቸው የነበረ መሆኑን ለልጅዎ ይንገሩት። ወጣት ፖሊሶች 15 ጥይት በሚይዝ ሽጉጥ ሲሄዱ እርሳቸው በስድስት ጥይት ሃያ ዓመት መሄዳቸው ስለ ሰውየው ጠባይ አንድ ነገር ይናገራል፤ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ካሉ ልጅዎ ይህን ቢጠይቃቸው ብዙ ይሰማል።

ስለ ቁጥሮቹ፦ በእጀታው ሥር ያለው የሽጉጡ መለያ ቁጥር ነው፤ በሰነድ ላይም የሚጻፈው እርሱ ነው። ሲሊንደሩ ሲከፈት በውስጥ በኩል ሌላ የተለየ ቁጥር ከታየ አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ውስጥ ክፍሎቹ እንዳይቀላቀሉ የተመታ ነው፤ ብዙ ወራሾች ይህን እንደ መለያ ቁጥር እየጻፉ ወረቀታቸውን ያበላሻሉ። ከውጭ የሚታይ አጭር ቁጥር ካለ ደግሞ ከባጃቸው ቁጥር ጋር ያመሳክሩት፤ ፖሊሶች የባጃቸውን ቁጥር ሽጉጣቸው ላይ ማስቀረጻቸው የተለመደ ነበር። በመለያ ቁጥሩ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ክፍል ሲጻፍ፣ ሽጉጧ ከፋብሪካ በየትኛው ቀን ወጥታ ለማን እንደ ተላከች የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይልካሉ፤ ኮልትም ይህን ያደርጋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በኑዛዜ ወይም በውርስ የተገኘ ሽጉጥ በነጋዴ በኩል ሳያልፍ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዲተላለፍ የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል፤ ወራሹ መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለ መሆን ግን የለበትም። ይህ የፌዴራሉ ብቻ ነው። ኒው ዮርክ በእጅ ሽጉጥ ላይ ጥብቅ ናት፣ ሜሪላንድም የራሷ ደንብ አላት፤ ስለዚህ ሽጉጧን በመኪና ጭኖ ድንበር ከማቋረጥ በፊት የኑዛዜው አስፈጻሚ በኒው ዮርክ ጠበቃ ያነጋግር፣ እናንተ ደግሞ የሜሪላንድን ግዛት ፖሊስ ጠይቁ። ልጅዎ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አያትዬውን በሽጉጧ ሳይሆን በወረቀቶቻቸው ይወቃቸው፤ በእርሳቸው ዘመን የኒው ዮርክ ፖሊስ የዕለት ውሎውን የሚመዘግብባት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረችው፣ አማትዎም ጥቂቶቹን ሳያስቀሩ አይቀሩም። ሰዓት፣ መንገድ፣ የአየር ሁኔታ፣ የሰው ስም ይገኝባታል። ባለቤትዎ ሣጥኑን እንዲከፍት አይቸኩሉበት፤ ከደብተሮቹ ቢጀምር ይቀለዋል።

«አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የመቶ አለቃ ነበሩ፣ ከአባዲና የተመረቁ። በልጅነቴ ሽጉጣቸውን ሲያጸዱ አስታውሳለሁ፤ እንደ አደን ጠመንጃ ከወገቡ ይሰበር ነበር፣ ሲሰበርም ጥይቶቹ በአንድ ጊዜ ብቅ ይሉ ነበር። እጀታው ላይ ባለው ቀለበት ነጭ ገመድ ይታሰር ነበር። ምን ዓይነት ይሆን? እንዲህ ያለ ሽጉጥ እዚህ አገር ገዝቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?» (ከአዲስ አበባ)

የገለጹልን ነገር ሁሉ የእንግሊዝን ሥራ ይመስላል። እስካሁን የጠቀስናቸው የስሚዝ ኤንድ ዌሰንና የኮልት የፖሊስ ሽጉጦች ሲሊንደራቸው ወደ ጎን ነው የሚወጣው። ከወገቡ ተሰብሮ ቀለሆቹን በአንድ ጊዜ የሚያነሣው፣ ቀለበትም ያለው፣ ዌብሊ ወይም በ1932 የእንግሊዝ ጦር የተቀበለው ኤንፊልድ ቁጥር 2 ነው፤ ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ፎቶግራፍ ሳያዩ መለየት አይቻልም። የአገራችን ዘመናዊ ፖሊስ ከጠላት ወረራ በኋላ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም በእንግሊዝ መኮንኖች እርዳታ እንደ ነበር፣ የፖሊስ ኮሌጁ አባዲናም በዚያው አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. እንደ ተከፈተ ስለምናውቅ የእርስዎ ትዝታ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ገመዱም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በፈረስ ላይ ወይም በግርግር መካከል ሽጉጥ ከእጅ ቢወድቅ ወይም ቢነጠቅ እንዳይጠፋ ነው።

መግዛቱን ግን አልመክርዎትም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ «አሮጌ ነው፣ ለትዝታ ነው» የሚል ምክንያትም ከተጠያቂነት አያድንም። ከአባትዎ የቀረ በቤት ውስጥ ካለ እንኳ ደብቆ ከማቆየት ወደ ፖሊስ ሄዶ ሥርዓቱን መጠየቅ ይሻላል። አባትዎን የሚያስታውሱበት ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ የወገብ ቀበቶው ዘለበት፣ ፊሽካው፣ የምረቃ ፎቶግራፉ፣ ከሁሉም በላይ ያ ነጭ ገመድ። ገመዱ ካለዎት በሳሙና አይጠቡት። የአባትዎ እጅ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ይታይ ይሆናል፤ እንዲያው ይቅር።

«አጎቴ በ1943 የተሠራ ‹ቪክቶሪ› ሽጉጥ በሽያጭ ላይ ገዛ። ነጋዴው .38 ጥይት ይተኩሳል ብሎታል። ሲተኩስበት ቀለሆቹ መሐላቸው አብጦ አንዱ ተሰነጠቀ። አደጋ አለው?» (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

አዎ፣ መተኮሱን ዛሬውኑ ያቁም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሠራቸው «ቪክቶሪ» ሽጉጦች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ለእንግሊዝና ለአጋሮቿ ሄደዋል፤ እነዚያ የሚጎርሱት የእንግሊዙን .38 ሲሆን ቀለሁ ከአሜሪካው .38 ስፔሻል አጠር ብሎ ወፈር ይላል። ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎች መልሰው ወደ አሜሪካ እያስገቡ የጥይት ማደሪያውን ሰርስረው አረዘሙት። ርዝመቱ ተስተካከለ፣ ስፋቱ ግን የድሮው ስለሆነ ቀጭኑ ቀለህ በሰፊው ውስጥ ሲፈነዳ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ከተማ የፍተሻ ማኅተም በሽጉጡ ላይ ካለ ይህ ታሪክ ያለው መሆኑ የበለጠ ይረጋገጣል። ሳይተኮስበት ጥሩ የታሪክ ዕቃ ነው። በተመሳሳይ ስም ለአሜሪካ የባሕር ኃይል፣ ለመርከብ ሠሪ ጣቢያዎችና ለመሣሪያ ፋብሪካ ዘበኞች የተሠሩ .38 ስፔሻሎችም ስላሉ፣ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሽጉጥ ጠጋኝ ይመልከተው።

«ባለቤቴ በአገር ቤት ወታደር፣ እዚህ ደግሞ ዘበኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለት ስድስት ጎራሾች ገዝቷል። ቀን ሲያጸዳቸው ደስ ይለዋል፣ ያጫውተኛል። ከአምና ጀምሮ ግን ሌሊት እየተነሣ አንዷን ይዞ በጨለማ ይቀመጣል፣ አያናግረኝም። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያደርጋሉ ወይ?» (ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)

እህቴ፣ ሰብሳቢዎች እንዲህ አያደርጉም። ቀን በብርሃን የሚደረገውና ሌሊት በጨለማ የሚደረገው አንድ ነገር አይደለም፤ እርስዎም ይህን ስለ ተረዱ ነው የጻፉልን።

እነዚህ ዕቃዎች ትዝታ ይቀሰቅሳሉ ስንል ጥሩውን ብቻ አይደለም። ብረቱ፣ ክብደቱ፣ የሲሊንደሩ ድምፅ፣ ሰውየው ሊረሳው የሚፈልገውንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ሽጉጦችና ጥይታቸው ለጊዜው ከቤት ይውጡ። እርስዎ በኃይል አይውሰዷቸው፤ በሚቀበለው ሰዓት፣ በቀን፣ የሚያከብረው ወንድም ወይም የንስሐ አባት ባለበት ያነጋግሩት። በእርስዎ ክፍለ ግዛት ለሌላ ሰው ማስያዝ ሕግ ያለበት ስለሆነ፣ የሚያስቀምጥ ሽጉጥ ቤት ወይም የአካባቢው ፖሊስ እንዴት እንደሚደረግ ይጠይቁ። ሐኪሙም ይወቅ። በጣም ከተጨነቁ በአሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት በከባድ ጭንቀት ላሉ ሰዎች ወደሚረዳው የስልክ መስመር 988 ብለው ይደውሉ፤ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ ለሚጨነቀው ሰውም ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብለው ከፈሩ ወደ አስቸኳይ እርዳታ፣ 911፣ ይደውሉ። ሲሻለው ሽጉጦቹ ይመለሱለታል፤ የእርሱን ክብር ያወረዱ አይምሰልዎ። በስብስቤ ውስጥ ካሉት መካከል አንዱን በእንዲህ ያለ ጊዜ ለስምንት ወር ለጓደኛዬ በሕጉ መንገድ ጠብቄለታለሁ፤ ሲወስድ አቅፎ አመስግኖኛል።

«መሰብሰብ ከጀመርሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአንድ የሽጉጥ ትርዒት የገዛሁት ኮልት በጎኑ ላይ የአንድ ፖሊስ ስምና ‹ለ25 ዓመት አገልግሎት ከባልደረቦቹ› የሚል ጽሑፍ፣ 1971 ከሚል ዓመተ ምሕረት ጋር ተቀርጾበታል። ቤተሰቡን ልፈልግ? ደግሞም ሰብሳቢ የሚያወጣው ልዩ ፈቃድ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» (ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)

ከሁለተኛው ልጀምር። አለ። ኤቲኤፍ ተብሎ የሚጠራው የፌዴራል ቢሮ ለአሮጌና ታሪካዊ መሣሪያዎች ሰብሳቢ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ክፍያው 30 ዶላር ነው። ከተሠራ 50 ዓመት የሞላውንና እንደ ተሠራ ያለውን ሽጉጥ ከሌላ ክፍለ ግዛት በቀጥታ መቀበል ያስችላል። ነጋዴ ግን አያደርግም፤ ለትርፍ መግዛትና መሸጥ አይፈቀድበትም፣ የገባውንና የወጣውን ሁሉ በመዝገብ መያዝም ግዴታ ነው። የ1971ዱ ኮልትዎ ዕድሜው ደርሷል። «እንደ ተሠራ ያለ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ስለ ማስቀለም የተናገርሁት በዚህም በኩል ይጠቅምዎታል።

በገበያው ላይ ይህን ያህል የፖሊስ ሽጉጥ ለምን እንደ ተገኘም ማወቅ ይገባል። በሚያዝያ 1986 በማያሚ ሁለት የታጠቁ ዘራፊዎች ከስምንት የኤፍቢአይ ወኪሎች ጋር ተታኩሰው ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፤ አብዛኞቹ ወኪሎች ስድስት ጎራሽ ነበር የታጠቁት፣ በቆሰለ እጅ እያንዳንዱን ጥይት ማጉረስ ምን ማለት እንደ ሆነም አገሩ ሁሉ ሰማ። ለውጡ ከዚያ በፊትም ጀምሯል፤ የኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ በ1967 ወደ ባለ ካዝና ተሻግሯል። ከ1986 በኋላ ግን ከተማ ከከተማ እየተከተለ ለወጠ። መሥሪያ ቤቶቹ አሮጌዎቹን በጅምላ ለነጋዴ እያስረከቡ አዲሱን ወሰዱ፤ የአንድ ሰው የ20 ዓመት ጓደኛ የነበረው ብረት በካርቶን ውስጥ ከሌሎች መቶ ጋር ተደርድሮ ተሸጠ።

የእርስዎ ግን ከዚያ ክምር የመጣ አይደለም። ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ያስቀረጹት ስጦታ ነው፤ እንዲህ ያለው ከቤተሰብ እጅ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በችግር፣ በስርቆት ወይም ወራሾቹ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመለያ ቁጥሩ ስርቆት ያልተመዘገበበት መሆኑን በአካባቢዎ ፖሊስ ያጣሩ። ቀጥሎ ሰውየው ላገለገለበት መሥሪያ ቤት ወይም ለጡረተኞች ማኅበሩ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የሽጉጡን ሥዕልና የሰውየውን ስም በአደባባይ አያውጡ፣ ቤተሰቡ ሳይዘጋጅ እንዳይደርሰው።

ቤተሰቡ ከተገኘ የከፈሉትን ብቻ ተቀብለው በሕጋዊ ነጋዴ በኩል እንደሚመልሱ ይንገሩ። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጌያለሁ። በመጀመሪያው የሟች ሴት ልጅ በስልክ ስታለቅስ ሰማኋትና ሽጉጡ ሄደ። በሁለተኛው ልጁ «አንተ ጋ ይቀመጥ፣ እኛ ቤት ሕፃናት አሉ» አለኝና በምትኩ የአባቱን ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ በደንብ ልብሱ፣ በግራ ወገቡ ላይ፣ እጀታው ወደ ፊት ዞሮ። የዚያ ሽጉጥ እጀታ ለምን በአንድ ወገን ብቻ እንደ ነጣ እስከዚያ ቀን አልገባኝም ነበር፤ ሰውየው በቀኝ እጁ ሆዱን አቋርጦ ነበር የሚያወጣው። ፎቶግራፉን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ሣጥን አስቀምጬዋለሁ፤ በጀርባውም ልጁ የነገረኝን ሁሉ ከነቀኑ ጽፌበታለሁ።